ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የእርግጠኝነትን ደረጃ የሚገልጹ ግሦች

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ግሥ የኃላፊን፣ የአሁንንና የትንቢትን ጊዜ እንዴት እንደሚያመለክት ተመልክታችኋል። ይሁን እንጂ ግሥ የሚነግረን ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ወይም ተናጋሪው ስለ ድርጊቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም ያሳየናል። «ዛሬ ይዘንባል»፣ «ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም»፣ «ዛሬ ይዘንብ ይሆናል» የሚሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ዝናብ ነው። ነገር ግን የሰሊጥ ነዶውን ማሳው ላይ አቁሞ የሚያደርቅ ገበሬ ሦስቱን ሲሰማ የሚወስነው ውሳኔ አንድ ዐይነት ሊሆን አይችልም።

በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ስለ አንድ አዲስ የሕክምና ምርምር የሚገልጽ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎም በምንባቡ ውስጥ የገቡትን ግሦች መልክ ትመረምራላችሁ። በመጨረሻም ይህንኑ ዕውቀት በድርሰትና በደብዳቤ አጻጻፍ ላይ ታውሉታላችሁ።

ለ. ምንባብ

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለውን ግሥ ልብ በሉ።

ቀዝቃዛ ፕላዝማና የካንሰር ሕክምና

1. በመተማ ዮሐንስና በአካባቢው ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ክረምቱ በነጎድጓድ ታጅቦ ይገባል። ሰማዩ ይጠቁራል፤ ነፋሱ የማሳውን አቧራ ጠርጎ ያነሣል፤ ድንገትም መብረቅ ይበርቃል። ለዐይን ጥቅሻ ያህል የሚታየው ያ ብርሃን እንደ ምድጃ እሳት ያለ ተራ ነበልባል አይደለም። ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በአየር ውስጥ ሲያልፍ የአየሩ አተሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጣሉ፤ አየሩም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ከሚባሉት ሦስት የቁስ አካል ጠባዮች ቀጥሎ አራተኛው ነው። መብረቅ የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ይህም የፀሐይን ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህላል።

2. ፕላዝማ የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ሲጀመር፣ ትምህርቱ የሚታይበት ሰፊ ቴሌቪዥን «ፕላዝማ» ተባለ፤ ውሎ አድሮም ትምህርቱ ራሱ በዚሁ ስም ተጠራ። ቴሌቪዥኑ ይህን ስም ያገኘው በመስተዋቱ ውስጥ ባሉት በጋዝ የተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች ምክንያት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል። በሥነ ሕይወት ትምህርት የምታውቁት የደም ፕላዝማ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። በኤሌክትሪክ የተሞላውን ጋዝ በ1928 እ.ኤ.አ. ፕላዝማ ብሎ የሰየመው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሚዩር ሲሆን፣ ስሙን የመረጠው ከደም ፕላዝማ ጋር አመሳስሎ እንደሆነ ይነገራል።

3. መብረቅን ያህል የሚያቃጥል ነገር ለሕክምና እንዴት ሊውል ይችላል? ምስጢሩ ያለው በኤሌክትሮን ቀላልነት ላይ ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ እየተቆራረጠ ሲሰጥ ኤሌክትሮኖቹ ብቻ በፍጥነት ይሮጣሉ፤ ከባዶቹ አተሞች ግን ለመሞቅ ጊዜ አያገኙም። በበሬ ጀርባ ላይ የሚርመሰመሱ ዝንቦች የቱንም ያህል ቢፈጥኑ በሬውን ገፍተው ከቦታው እንደማያንቀሳቅሱት ሁሉ፣ ኤሌክትሮኖችም ከአተሞች ጋር እየተጋጩ ብዙ ሙቀት አያስተላልፉም። ስለዚህ ጋዙ ፕላዝማ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ብቻ ይሆናል። ጀርመናዊው ቬርነር ፎን ዚመንስ በ1857 እ.ኤ.አ. በዚህ ዐይነት ዘዴ ኦዞን የተባለውን ጋዝ የሚያመርት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ዛሬ ለሕክምና የሚውለው መሣሪያ እስክሪብቶ የሚመስል ሲሆን፣ ከጫፉ አርጎን ወይም ሂልየም የተባለው ጋዝ ሐምራዊ ጭላንጭል ሆኖ ይወጣል። ለጥቂት ጊዜ ቆዳን ቢነካ አያቃጥልም።

4. ይህ ፕላዝማ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ከሌሎች ነገሮች ጋር በፍጥነት የሚዋሐዱ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ውሕዶችን ይፈጥራል። ውሕዶቹ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይገድላሉ። በጀርመን አገር በግራይፍስቫልድ ከተማ የተሠራ በአርጎን የሚሠራ መሣሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ለቁስል ሕክምና እንዲውል በኤውሮጳ ፈቃድ አግኝቷል። በተለይም ለብዙ ጊዜ ሳይሽር ለቆየ ቁስል ይውላል።

5. ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ሌላ ጥያቄ አነሡ። ካንሰር የሰውነት ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ጥሰው ያለ ልክ የሚራቡበት በሽታ ነው። ቀዝቃዛ ፕላዝማ እነዚህን ሕዋሳት ይገድል ይሆን? በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎች ገድሏል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ዕጢዎች አንሰዋል። በብዙዎቹ ሙከራዎች ጤነኞቹ ሕዋሳት ከካንሰሩ ሕዋሳት ይልቅ ፕላዝማውን ተቋቁመውታል። የካንሰር ሕዋስ ያለ ዕረፍት ስለሚራባ እነዚያ የኦክስጅን ውሕዶች ቀድሞውኑ በብዛት ተጠራቅመውበታል፤ ፕላዝማው ተጨማሪ ሲያመጣበት ሸክሙን መሸከም አቅቶት የሚሞት ይመስላል። ጭነቱ ከልክ ያለፈ ግመል ትንሽ ሲጨመርበት እንደሚንበረከክ ማለት ነው።

6. ሳሕን ግን ሰው አይደለም፤ አይጥም ሰው አይደለም። በአሜሪካ በመንግሥት ፈቃድ በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የቀዝቃዛ ፕላዝማ የካንሰር ሙከራ የተካሄደው ከ2020 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በአሜሪካና በእስራኤል ሆስፒታሎች ነው። ሕሙማኑ 20 ነበሩ። ሐኪሞቹ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ካወጡ በኋላ በቀረው ጠርዝ ላይ ፕላዝማውን ለጥቂት ደቂቃዎች ረጩ። የሙከራው ዋና ጥያቄ «ይህ ዘዴ በሕሙማን ላይ ጉዳት ያደርሳልን?» የሚል ነበር። ጉዳት የማያደርስ ሆኖ ተገኘ። «ካንሰርን ይፈውሳልን?» ለሚለው ጥያቄ ግን 20 ሕሙማን መልስ ሊሰጡ አይችሉም። ከዚህም በላይ ፕላዝማው ወደ ሰውነት ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ስለዚህ በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለን ዕጢ ያለ ቀዶ ሕክምና ከውጭ ሆኖ ሊደርስበት አይችልም።

7. ታዲያ አንድ ሕክምና ከ«ይሆናል» ወደ «ነው» የሚሻገረው እንዴት ነው? ለመተማ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በመተማና በሑመራ ቆላ ካላዛር የተባለው በሽታ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች ሲገድል ኖሯል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቀድሞ በሽተኛው ሶድየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን መድኃኒት 30 ቀን ሙሉ በየዕለቱ በመርፌ ይወስድ ነበር። ፓሮሞማይሲን የተባለው መድኃኒት ቢታከልበት ጊዜው ያጥር ይሆን? ይህን ለማወቅ ከ2004 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዑጋንዳ ሙከራ ተደረገ። ከኢትዮጵያ ጎንደርና አርባ ምንጭ ተካፋዮች ነበሩ። በሙከራው ከ1,000 በላይ ሕሙማን ተሳትፈዋል። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ለ17 ቀን ሲሰጡ፣ አንዱ ብቻውን ለ30 ቀን ሲሰጥ ከሚያድነው ጋር የሚመጣጠን ቍጥር ያላቸው በሽተኞች ዳኑ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። ካላዛርና ካንሰር የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የማስረጃው መንገድ ግን አንድ ነው። ቀዝቃዛ ፕላዝማ ከዚህ መንገድ የተጓዘው መጀመሪያውን ብቻ ነው።

8. በካንሰር ላይ በእርግጠኝነት የምንናገረው ነገርም አለ። ቀዶ ሕክምና፣ የጨረር ሕክምናና የካንሰር መድኃኒቶች በሽታው በጊዜ ከተገኘ ብዙ ሰው ያድናሉ። ካንሰርን ከሁሉ የሚያከፋው መዘግየት ነው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የማሕፀን በር ካንሰርን በሚመለከት ግን መከላከያው ወደ ሴት ልጆች ቀርቧል። በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ ክትባት መሰጠት ጀመረ። ክትባቱ በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ ይከላከላል። እዚህ ላይ «ይከላከል ይሆናል» አንልም።

ሐ. የቃላት ፍች

ሕዋስ — የሕያው አካል ሁሉ መሠረት የሆነች፣ ያለ ማጉያ መነጽር የማትታይ ረቂቅ ክፍል።
ዕጢ — በዚህ ምንባብ፣ ያለ ሥርዐት ከተራቡ ሕዋሳት የተሠራ እብጠት።
ጨረር — በዚህ ምንባብ፣ የካንሰር ሕዋሳትን ለመግደል የሚውል ዐይን የማያየው ኃይል።
ቤተ ሙከራ — ሳይንሳዊ ምርመራ የሚካሄድበት ክፍል።
ውሕድ — ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው የሚሰጡት አዲስ ነገር።
ረቂቅ ተሕዋስያን — በሽታ ሊያመጡ የሚችሉ፣ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን።

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ፕላዝማ የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ስንት ትርጉም አለው? እያንዳንዱን ግለጹ።
2. ቀዝቃዛ ፕላዝማ የማያቃጥልበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. በ20 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ የትኛውን ጥያቄ መለሰ? የትኛውንስ አልመለሰም?
4. ጸሐፊው ስለ ካላዛር ያነሣው ለምንድን ነው?
5. በስድስተኛው አንቀጽ «ሳሕን ግን ሰው አይደለም» የተባለው ምን ለማለት ነው?

ሠ. ሰዋስው፦ ግሥና የእርግጠኝነት ደረጃ

1. የጸና አነጋገር። «ይፈውሳል» የሚለውን ግሥ ስንፈታው «ይፈውስ» እና «አለ» ከሚለው ረዳት ግሥ የመጣውን «አል» እናገኛለን። ይህ መልክ ልማድን፣ ጠቅላላ እውነትን ወይም ያለ ጥርጥር የሚጠበቅን ነገር ይገልጻል። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች»፤ «ውሕዶቹ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይገድላሉ» እንላለን። እንዲህ ባለ ግሥ የታሰረ ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው የጥያቄ በር አይተውለትም። ስለዚህ ማስረጃው የተሟላ ሲሆን ብቻ ይጻፋል።

2. የተፈጸመ ድርጊት። «ገደለ»፣ «ገድሏል»፣ «አንሰዋል» የሚሉት በአንድ ቦታና ጊዜ የሆነውን ይናገራሉ። «ፕላዝማ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ የካንሰር ሕዋሳትን ገድሏል» ማለት እውነት ነው። «ፕላዝማ ካንሰርን ይገድላል» ብትሉ ግን ሁለት ነገር አጥፍታችኋል። «በሳሕን ላይ» የሚለውን ሐረግ ሰርዛችኋል፤ አንድ ጊዜ የሆነውንም ለሁልጊዜ የሚሆን አድርጋችኋል።

3. የሚቻል ነገር። «ሊፈውስ ይችላል» የሚለው አነጋገር ሁለት ፍች አለው። አንደኛው «የመፈወስ ችሎታ አለው» ማለት ነው። ሁለተኛው «መፈወሱም አለመፈወሱም የሚሆን ነገር ነው» ማለት ነው። አንባቢ ተስፋ ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ፍች ነው። ሁለተኛውን ለማለት ስትፈልጉ «ሊፈውስም ላይፈውስም ይችላል» ብትሉ አሻሚነቱ ይወገዳል።

4. ጥርጣሬና ግምት። ከ«ይፈውሳል» ላይ «አል»ን አንሥታችሁ «ይሆናል» ብታደርጉበት «ይፈውስ ይሆናል» የሚል የጥርጣሬ አነጋገር ታገኛላችሁ። «ሳይፈውስ አይቀርም» ደግሞ ሁለት አፍራሾች ተደራርበው ብርቱ ግምትን የሚገልጹበት ነው። «የሚፈውስ ይመስላል» የሚለው በሁለቱ መካከል ይውላል። ምንባቡ ስለ ካንሰር ሕዋስ አሟሟት ሲናገር «የሚሞት ይመስላል» ያለው ስለዚህ ነው።

5. የሌላውን ቃል ማስተላለፍ። «ይነገራል»፣ «ይባላል»፣ «ተብሏል» የሚሉት ግሦች ጸሐፊው ነገሩን ከሌላ መስማቱን ያመለክታሉ። ነገር ግን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይሰውራሉ። መተማን በመሰለ የጠረፍ ገበያ የመኪና ነጂው፣ ነጋዴውና መንገደኛው ይገናኛሉ፤ ወሬም ከጭነቱ ፈጥኖ ይደርሳል። «መድኃኒት ተገኘ ተባለ» የሚል ቃል ስትሰሙ «ማን አለ? በማን ላይ ሞከረ? በስንት ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ።

6. ማፍረስ። «አይፈውስም» እና «መፈወሱ አልተረጋገጠም» አንድ አይደሉም። የፊተኛው ነገሩን ራሱን ያፈርሳል። የኋለኛው የሚያፈርሰው ዕውቀታችንን ነው፤ ነገሩ ግን ገና በምርመራ ላይ ነው። ስለ ቀዝቃዛ ፕላዝማ «ካንሰርን አይፈውስም» ብሎ መደምደም፣ «ይፈውሳል» ብሎ የመደምደምን ያህል ስሕተት ነው።

ማስገንዘቢያ፦ በጥርጣሬ የታሰረ ዓረፍተ ነገር ደካማ ዓረፍተ ነገር ነው ብላችሁ አታስቡ። ደካማው ከማስረጃው በላይ ወይም በታች የሚናገረው ነው።

ረ. ድርሰት፦ ማስረጃን የሚመጥን አጻጻፍ

የሚከተለው ደብዳቤ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው። በገንዳ ውሃ የሚማር አንድ ተማሪ በመተማ ዮሐንስ ለሚኖሩት አጎቱ የጻፈው ነው እንበል።

«ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በአንገትዎ ላይ ስለወጣው እብጠት ስሰማ በጣም ተጨንቄ ነበር። አሁን ግን መፍትሔ ተገኝቷል። ፕላዝማ የተባለ ቀዝቃዛ ብርሃን ካንሰርን ያጠፋል። በውጭ አገር 20 ሰዎች በዚሁ ታክመው ድነዋል። ስለዚህ ቢላዋ የሚባል ነገር አይንካዎ፤ ሰሊጡ ታጭዶ እስኪሸጥ ይታገሡና በገንዘቡ ውጭ አገር ሄደው ይታከማሉ።»

ደብዳቤው በፍቅር የተጻፈ ነው፤ ቋንቋውም ጥሩ ነው። ነገር ግን አራት ስሕተቶች አሉበት። እብጠቱ ሳይመረመር ካንሰር እንደሆነ ቈጥሮታል። «ያጠፋል» የሚለው ግሥ ከማስረጃው በላይ ይናገራል። «ድነዋል» የሚለው ሙከራው ያላረጋገጠውን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ያቀርባል። አራተኛው ከሁሉ ይከፋል። 20ዎቹ ሕሙማን ፕላዝማውን ያገኙት ከቀዶ ሕክምና ጋር ነው፤ እርሱ ግን በቀዶ ሕክምናው ፈንታ እንደተሰጠ አድርጎ አጎቱን ከሐኪም ያርቃል። እኒህ ሰው ቃሉን አምነው ወራት ቢጠብቁ፣ እብጠቱም ክፉ ሆኖ ቢገኝ፣ የሁለት ግሦች ስሕተት ዕድሜ ያሳጥራል።

አሁን የታረመውን አንብቡ።

«ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በአንገትዎ ላይ ስለወጣው እብጠት ሰምቼ በጣም ተጨንቄአለሁ። እብጠቱ ምን እንደሆነ ሳይመረመር አይታወቅም፤ ካንሰር ላይሆንም ይችላል። በትምህርት ቤት ፕላዝማ ስለሚባል አዲስ ዘዴ አንብበናል። በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን ገድሏል፤ ወደፊትም ሐኪሞችን ያግዝ ይሆናል። ሰውን መፈወሱ ግን ገና አልተረጋገጠም። በጊዜ የተደረሰበት በሽታ ግን ዛሬ ባለው ሕክምና ብዙ ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ሰሊጡን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይሂዱ። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ፤ አጨዳውን ወንድሞቼ ያግዛሉ።»

በታረመው ደብዳቤ ተስፋው አልጠፋም፤ ቦታውን ያዘ እንጂ። የተረጋገጠው በጸና ግሥ፣ የተሞከረው በኃላፊ ግሥ፣ የሚጠበቀው በጥርጣሬ ግሥ ተጽፏል። አጎትየው ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ምን እንደሚታወቅ፣ ምን እንደማይታወቅና ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ይረዳሉ። የገላጭ ድርሰትም ግቡ ይኸው ነው።

ሰ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በምንባቡ ውስጥ ካለው ማስረጃ ጋር እንዲመጣጠኑ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።
ሀ) ቀዝቃዛ ፕላዝማ በአይጦች ላይ ስለሠራ በሰውም ላይ ይሠራል።
ለ) የካንሰር ሕዋስ የሚሞተው ሸክም ስለሚበዛበት እንደሆነ ተረጋግጧል።
ሐ) የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ቫይረሱን ይከላከል ይሆናል።
መ) ፕላዝማ በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለን ዕጢ ከውጭ ሆኖ ያጠፋል።

2. «ያድናል» ከሚለው ግሥ ተነሥታችሁ ሀ) የተፈጸመ ድርጊትን፣ ለ) የሚቻል ነገርን፣ ሐ) ጥርጣሬን፣ መ) ብርቱ ግምትን፣ ሠ) የሌላን ሰው ቃል የሚገልጹ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

3. «አልዳነም»፣ «መዳኑ አይታወቅም»፣ «ሳይድን አይቀርም»፣ «ላይድን ይችላል» የሚሉትን ከፍተኛ እርግጠኝነት ካለው ጀምራችሁ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ምክንያታችሁንም አስረዱ።

4. በሰፈራችሁ ወይም በገበያ ስለ አንድ መድኃኒት የሰማችሁትን ወሬ በአምስት መስመር ጻፉ። ቀጥላችሁ «ማን አለ? በማን ላይ ተሞከረ? በስንት ሰው?» የሚሉትን ጥያቄዎች አቅርቡበት። በመጨረሻም መልሱ እስከሚፈቅድላችሁ ድረስ ብቻ እየተናገራችሁ እንደገና ጻፉት።

5. «የካላዛር ሕክምና ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን እንዴት አጠረ?» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ማሠሪያ ግሥ አስምሩበት። ከጎኑም «ይህን በምን አወቅሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ያላገኛችሁለትን ግሥ ለውጡት።